የሠላሳ ስምንት ሺህ ፎቶ ጣጣ

«ሠርጎቹ የሉም» አለ ጋሼ ከግድግዳው ወዲያ።

«የማን ሠርግ ነው የቀረው?» አለች ሚስቱ።

«የሁሉም።»

«የእሁዱም?»

«የሁሉም አልኩሽ እኮ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሠርግ። አንዲት ሙሽራ አልተረፈችም።»

በእነሱና በእኔ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ጆሮ መደቀን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ልፋት የሚጠይቀው አለመስማት ነው። ለእሁዱ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ የምሰፋላት እኔ ነኝና መርፌዬን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ። ጨርቁ ተቆርጧል። ሠርግ ይራዘማል፣ ይሰረዛል፣ ሙሽራውም ሊጠፋ ይችላል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ተመልሶ ጣቃ አይሆንም። እሷም ያሰበችው ይህንኑ መሆን አለበት፣ «ቀሚሴስ?» ስትል ሰማኋት። እሱ ደግሞ «የምን ቀሚስ?» አላት። ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት በአንድ አልጋ ተኝቶ እንዲህ ሲተላለፍ ይገርማል እንዳልል፣ አብሮ ያቆያቸው ይኸው መተላለፍ ሳይሆን አይቀርም።

አንኳኩቼ ስገባ ጋሼ በካናቴራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ክንዱ እስከሚደርስበት አርቆ ይዞታል፤ ልክ የሸና ሕፃን እንዳስታቀፉት ሰው። ሚስቱ በሩ ላይ ተቀበለችኝና፣ ከጠፋው ይልቅ ያልጠፋው አስደስቷት፣ ፎቶ ነው ለካ፣ እኔ ደግሞ ሠርግ መስሎኝ ልቤ ቆሞ ነበር አለችኝ። እሱ ዞር ብሎ አያትና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ጋሼን ሰፈሩ የሚያውቀው «አንዴ ፈገግ» በሚል ስም ነው። መንገዱ መታጠፊያ ላይ በነበረው ፎቶ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ለሙሽራውም፣ ለመታወቂያ ፈላጊውም፣ ጥርስ ላላወጣ ሕፃንም ሲል የኖረው ይህንኑ ነው። የእሱን ጥርስ ግን ከሐኪሙ በቀር አይቻለሁ የሚል ሰው አልገጠመኝም። ሚስቱ እንኳ ስትጠየቅ፣ አለው፣ ሲያኝክ ይሰማኛል ትላለች።

አሁን ቁም ሳጥኑ የቆመበት ቦታ ላይ ድሮ አሥራ አራት ካርቶን ፎቶና ኔጋቲቭ ተደርድሮ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ካርቶኖቹ ውሃ ገባቸው፤ ኔጋቲቮቹ እርስ በርስ ተጣበቁ፣ የአንዱ ሙሽራ ከሌላው ሚስት ጋር ተጋባ። ጋሼ አንድ በአንድ እያላቀቀ፣ እያጠበ፣ የግቢውን የልብስ ገመድ በሙሉ ይዞ በመቆንጠጫ አሰጣቸው። ለሳምንታት የእኔ አንሶላ የሚደርቀው በሁለት ሙሽሮች መካከል ነበር። ከዚያ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆነው ስምንት ወር ሙሉ በስካነር እያነሱ ወደ ኮምፒዩተር አስገቧቸው፤ ከኮምፒዩተሩም፣ በወር የአንድ ፀጉር መቆረጫ ዋጋ እየተከፈለው ፎቶ የሚያስቀምጥ አገልግሎት አለ፣ እሱ ላይ በኢንተርኔት ሰቀሏቸው። ሠላሳ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ። ኮምፒዩተሩ ኋላ ሞተ፤ ፎቶዎቹ በስልኩም ላይ ይታያሉና ማንም አላለቀሰለትም። ሻጋታ የበላው ወረቀትና ኔጋቲቭ በቆሻሻ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበችለት። በሳምንቱ ቁም ሳጥኑ ገባ።

ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ ደውላ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የሠርጓን ፎቶ ፈለገች። ልጇ «እማዬ፣ አንቺ ወገብ ነበረሽ?» ብላት ነው አሉ፤ ማስረጃ ያስፈልጋታል። ጋሼ ስልኩን ከፍቶ ቢያይ ያለው አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ የሚስቱ የደም ግፊት መድኃኒት ካርቶንና ከኋላዋ የተነሳች ድመት ብቻ ነው።

ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራ ልጅ ስላለችኝ ደወልኩላትና ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፤ በቅርቡ የሰረዙት ነገር አለ ወይ። ጋሼ ኮራ ብሎ፣ አለ አላት። ባለፈው ወር ስልኩ ሞላ ሞላ እያለ ሲያስቸግረው ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ ፎቶዎቹን በሙሉ መርጦ አጥፍቷቸዋል። ከስልኩ ነው እንጂ ከኢንተርኔቱ አይደለም። ነገሩ እንዳልገባት ጠርጥሮ አስረዳትም። ስልክ ላይ ያለው የታጠበው ፎቶ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው ኔጋቲቩ ነው። የታጠበ ፎቶ ይቀደዳል፣ ይቃጠላል፣ ባል ፊት ላይ ይወረወራል፤ ይህን በዓይኑ አይቷል። ኔጋቲቩ ግን መሳቢያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይስቃል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ በዚህ ተሳስቶ አያውቅም።

ልጄ ድምፅዋን ለወጠች። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ስለ ቴሌቪዥኑ ሪሞት ስጠይቃትም የምታወራኝ በእሱ ነው። ከዚያ በለዘብታ ነገረችው። ያ አገልግሎት ሁለት ቦታ አይደለም፤ ሁለት መስኮት ያለው አንድ ክፍል ነው። በአንዱ መስኮት ገብተው ዕቃውን ካወጡት በሌላው መስኮት ቢያዩም ክፍሉ ባዶ ነው። መጠባበቂያ የሚባለው ሌላ ቤት የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ነው፤ ያ ደግሞ የለም። ደግነቱ የተሰረዘ ፎቶ ወዲያው አይጠፋም፤ ሠላሳ ቀን ቅርጫት ውስጥ ይቆያል፣ ገብተው መልስ ካሉት ይመለሳል። ከሠላሳ ቀን በኋላ ግን ፈጣሪ ካልሆነ ማንም አያገኘውም።

ጋሼ ተነስቶ በሩ አጠገብ ወደተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ሄደ። እሱ ቀን መቁጠሪያ ላይ የማይጽፈው ነገር የለም፤ ጋዝ የተቀየረበትን፣ የሚስቱ ጥርስ የተነቀለበትን፣ ማን መቼ እንደሰደበው። ባለፈው ወር ገጽ ላይ በእርሳስ «ስልኩን አጸዳሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ጎበዝ» ይላል። ጎበዝ ያለው ራሱን ነው። ሚስቱ በጣቷ ቆጠረች፣ እኔ በልቤ ቆጠርኩ፣ እሱ በእርሳሱ ቆጠረ። ሦስታችንም ሠላሳ ላይ ተገናኘን። ዛሬ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ፎቶዎቹ ያላቸው ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ታዲያ ገብቶ አይመልሳቸውም ወይ ትሉ ይሆናል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጋሼ በድንጋጤ ያገኘውን ሁሉ ሲነካካ ከአካውንቱ ወጥቷል። አሁን ልግባ ሲለው ስልኩ ማን ነህ ይለዋል፤ ማንነቱን ለማረጋገጥም ባለስድስት አሃዝ ቁጥር መጨረሻው አርባ ሰባት ወደሆነ ስልክ እልካለሁ ይላል። ሚስቱ ጣሪያውን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። ጋሼ የማን ስልክ ነው ይሄ ብሎ ጠየቀ፤ የማን እንደሆነ ግን ከሁላችንም በፊት ያወቀው እሱ ነው። የታናሽ ወንድሙ ነው። አካውንቱን የከፈተለት ወንድሙ ነበር፤ ያኔ የጋሼ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ አልነበረውም።

ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። ወንድምየው ሴት ልጁን ሲድር ለጋሼ እንደማንኛውም እንግዳ የጥሪ ካርድ ላከለት። ጋሼ ካርዱን ገልብጦ አየው፤ ካሜራህን ይዘህ ና የሚል ነገር የለበትም። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያነሳ ሰው በገዛ ወንድሙ ልጅ ሠርግ ጠረጴዛ ቁጥር አራት ላይ፣ በአንድ የጥርስ ሐኪምና በአንድ የመድን ሠራተኛ መካከል ተቀመጠ። ፎቶውን የሚያነሱት በክፍያ የመጡ ሰዎች ነበሩ። እሱስ ይሁን፣ ካሜራቸው በአየር ላይ ይበራል። እንደ ንብ እየጮኸ በሙሽራዋ ራስ ላይ ሲዞር ጋሼ የቀረበለትን ሳይነካ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ኩርፊያ የሠለጠነ ኩርፊያ ነው፤ ለቅሶ ላይ በአንድ ምሰሶ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ አንዱ የሌላውን ጤና በገዛ ሚስቱ በኩል ይጠይቃል፣ ሚስቶቹም መልሱን ለየባላቸው ያደርሳሉ።

«ቢጠፉ ይጥፉ» አለ ጋሼ። ይህን ያለው ተቀምጦ ነው። ቀጥሎ ቆመና ሚስቱ ሄዳ ቁጥሩን እንድታመጣ አዘዘ። እሷ ጉልበቷን አሳየችው። ልጄም በስልኩ ውስጥ ሆና፣ ቁጥሩ ከመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሞት ሁለቱ ስልኮች አንድ ቦታ ቢሆኑ ይሻላል አለች። እንግዲያው እኔው እሄዳለሁ፣ ግን አላናግረውም አለ። ከዚያ ባልና ሚስት እኩል ዞረው እኔን አዩኝ። የጎረቤት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እሳት ሲነሳ ውሃ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ ምላስ ያበድራል።

ጋሼ ሊለምነው የማይፈልገውን ሰው ሊለምን ሁለት ጊዜ ተላጨ። ሸሚዝ ቀየረ፤ አልወደደውም፣ መልሶ ቀየረ። ምሳ ሳልበላ አልወጣም አለ፤ ሲቀርብለት ደግሞ ሰዓት የለኝም አለ። ሚስቱ ሳህኑን እያነሳች፣ ለሙሽሮቹ ሰላም በልልኝ አለችው። አውቶቡስ ውስጥ ቆመን ስንሄድ ድሮ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ጋ ስንደርስ ፊቱን አዞረ። አሁን የሽንት ቤት መቀመጫ መሸጫ ሆኗል፤ ሙሽሮች ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ነጫጭ መቀመጫዎች በመስታወቱ ውስጥ ተደርድረው ያበራሉ። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ፣ ማንንም ሳያይ፣ መብራቱን አሳምረውታል አለ።

ወንድሙ የስልክ ጥገና ሱቅ ስንደርስ ለምሳ ተዘግቷል። የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሳልጠይቀው ስለዚያ ስምንት ወር ያወራኝ ጀመር። ፎቶዎቹን በምን ስም እናስቀምጣቸው በሚለው ብቻ ሁለት ሳምንት ተከራክረዋል። ወንድሙ በዓመተ ምሕረት ይሁን ይላል፤ ጋሼ ደግሞ በዓመት ሰው የሚያስታውስ ግብር ሰብሳቢ እንጂ ፎቶ አንሺ አይደለም ይላል። በመጨረሻ ያሸነፈው ጋሼ ነው። አንዱ ማህደር «ሙሽራው ያለቀሰበት» ይባላል፣ ሌላው «አማቷ ያኮረፈችው»፣ ሌላው «ኬኩ የወደቀበት፣ ሁለተኛው»። ይህን ሲነግረኝ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ መንገዱ ማዶ ወንድሙን አየና ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ሆኗል።

ሱቁ ሁለት ሰው ካልተዋደደ ጎን ለጎን አያስቆምም። ግድግዳው በስልክ ከቨር ተሸፍኗል፤ ሁለት ለሚገዛ በአንድ ተኩል ዋጋ ተብሎ በማርከር ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ተኝተዋል፤ ከበላያቸው «ስልክዎ ውሃ ውስጥ ወድቆ ከሆነ እውነቱን ይንገሩን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወንድምየው ጋሼን አልፎ እኔን ሳመኝ። ልጄን ጠየቀኝ፣ ማሽኔን ጠየቀኝ፣ ወገቤን ጠየቀኝ፤ ጋሼ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሮዝ ከቨር እንደሚገዛ ሰው እያገላበጠ ያያል። ቁጥር ፈልገን እንደመጣን ብቻ ስነግረው የወንድምየው ፊት ጠቆረ።

«የሚፈልገውን አጥፍቷል፤ ሌላ ምን ቀረው በይው» አለኝ።

ጋሼ ከእኔ በክንድ ርቀት ላይ ነው። «ሌላ ምን ቀረህ ይልሃል» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። ቁጥሩን ብቻ ይስጠኝ በይው።»

መጥፋቱን ከየት አወቀ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ስምንት ከሩብ ሆኗል፣ እኔ ደግሞ የመጣሁት ምላስ ለማበደር እንጂ ለማሰብ አይደለም።

ጋሼ ስልኩን ነካ፤ የወንድሙ ስልክ ጢው አለ። ወንድሙ ቁጥሩን ለእኔ ያነባል፣ እኔ ለጋሼ እነግራለሁ፣ ጋሼ መነጽሩን ይፈልጋል። መነጽሩ ሲገኝ ቁጥሩ ሞቷል። ሁለተኛው ሲመጣ አንዲት ደንበኛ ገብታ ቻርጀር ጠየቀች፤ ወንድምየው ቁጥሩንና ዋጋውን አከታትሎ ተናገረ፣ እኔም የቻርጀሩን ዋጋ ለጋሼ አቀበልኩት። ሦስተኛውን ጋሼ በትክክል ሰምቶ ሲጽፈው ሁለቱን አሃዞች አቀያየራቸው። ስልኩም ሳይሰለቸው አልቀረም፣ ብዙ ሞክረሃልና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስ አለው። ስምንት ሰዓት ከአርባ።

ጋሼ የደንበኞች በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ዕድሜውን ቆሞ የሠራ ሰው ሲቀመጥ ያንሳል። ከዚያ እኔን አልፎ፣ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀጥታ ለወንድሙ ተናገረ።

«እማማም እዚያ ውስጥ ናት።»

«አውቃለሁ» አለ ወንድሙ፤ እማማ የሚሏት እናታቸውን ነው። «እሷን ብቻ አውርጄ አስቀምጫታለሁ። ሌላውን መጣል መብትህ ነው ብዬ ተውኩት።»

ነገሩ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። አካውንቱ ከተከፈተ ጀምሮ በወንድምየው ስልክ ላይም አለ። የወሩ ክፍያም የሚቆረጠው ከእሱ ነው፤ ጋሼ ማን እንደሚከፍል ጠይቆ አያውቅም። በኩርፊያው ዘመን ጋሼ ያነሳውን ሁሉ አይቷል፤ ቆጣሪውን፣ መድኃኒቱን፣ ድመቷን፣ በስህተት የተቀረጹ አሥራ አንድ የኪስ ውስጥ ቪዲዮዎችን። ጋሼ ክረምቱን ጉንፋን ይዞት እንደከረመ ያወቀው በአንዱ የኪስ ቪዲዮ ሳሉን ሰምቶ ነው። ታዲያ የዛሬ ሠላሳ ቀን፣ ምሳውን ዘግይቶ እየበላ፣ ፎቶዎቹ በዓይኑ ፊት ተጠርገው ሄዱ። መልሱ ደረሰኝ ብሎ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ አስቀመጠው።

«የምን መልስ?» አለ ጋሼ። «ስልኩ ሞልቶ ነው።»

«ሞልቶ ነው?»

«ሞልቶ ነው።»

ወንድምየው ጋሼን አየው፤ ከዚያ እንድመሰክር እኔን አየኝ። መሰከርኩ፤ የቀን መቁጠሪያውን፣ ጎበዝ የምትለዋንም ጨምሬ። ወር ሙሉ እህል አልወርድ ሲለው የከረመ ሰው፣ የችግሩ ምንጭ የቦታ ጥበት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ። ሊስቅ ነው ስል ተወው፣ ሊቆጣ ነው ስልም ተወው፣ አንድ ቻርጀር አንስቶ ገመዱን ይጠቀልል ጀመር።

እኔ ግን ዓይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። አካውንቱ በእሱም ስልክ ላይ ካለ ከዚያው ሆኖ መመለስ አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ይቻላል» አለ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«የተጠየቅኩት ቁጥር ነው።»

ቅርጫቱን ከፈተ፣ ሁሉንም መረጠ፣ ተጫነ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ መምጣት ጀመሩ፤ ሦስታችንም በአንድ ስልክ ላይ አቀረቀርን። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ መጣች፤ ወገብ ነበራት፣ እኔ ምስክር ነኝ። ዛሬ በጠበቃ የሚነጋገሩ ባልና ሚስት ኬክ ሲጎራረሱ መጡ። መታወቂያ ፈላጊዎቹ ሁሉ ሲሰርቁ የተያዙ መስለው መጡ። ዓይኗን የጨፈነች ሚዜ፣ ውሃው ግንባሩ ላይ ቡናማ ቀለበት የተወበት ሙሽራ። የጋሼና የሚስቱም ሠርግ መጣ፤ ካሜራውን በሰዓት ሞልቶ ወደ ወንበሩ ሲሮጥ የደረሰችለት አንድ እግሩ ብቻ ናት። እማማም መጣች፣ ከሁለት ልጆቿ አንዱን ብቻ ታቅፋ፤ ሌላው ያኔም ካሜራ ይዞ ነበር።

ወንድምየው በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲወርድ አንዱ ላይ ቆመ። ጋሼ ያነሳው አይደለም፤ ከሰማይ የተነሳ ነው። ጠረጴዛዎቹ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ክብ ሆነው ተበትነዋል፤ ሙሽራዋ መሃል ናት፤ ዘመድ አዝማዱ ዙሪያዋን ቆሞ ወደ ላይ እያየ እጁን ያውለበልባል። ከአባትየው ጎን አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ አለ። በፎቶው ጥግ፣ መውጫው በር ላይ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ አንድ ራሰ በራ ሰው ይሄዳል።

ፎቶውን በሠርጉ ማግስት እዚያ ያስገባው ወንድምየው ነው። ጋሼ አይቶት መልስ ይሰጣል ብሎ ጠበቀ፤ ጋሼ ደግሞ ከራሱ ሙሽሮች በቀር የሰው ፎቶ ወርዶ አያይም። ቀጥሎ ያለውን የነገረው ለእኔ ነው፣ ጋሼ አጠገባችን ተቀምጦ። በቤታቸው ፎቶ ሁሉ ወንድሙ የለበትም። አንድ ጊዜ እንኳ ከፊት ይቁም ብዬ ነው ሌላ አንሺ የቀጠርኩት በይው አለኝ። እኔም ይህን አላደረስኩም፤ የደረሰ ነገር ዳግም አይደርስም።

ጋሼ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አደረገና ስልኩን ተቀብሎ አራቀው፣ አቀረበው፣ በሁለት ጣቱ ጥጉን አሰፋው። አንድ ሰው ገብቶ የሮዙን ከቨር ዋጋ ጠየቀ፤ መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ወጣ። ጋሼ አሁንም ያያል። እንደ ባለሙያ ነው የሚያየው፤ ብርሃኑን፣ ጥላውን፣ ክፍት የቀረችውን ቦታ።

«ሰው ሁሉ ቀና ብሏል» አለ በመጨረሻ። «እኔን በጀርባዬ አነሱኝ። አንሺው ዙር፣ ቀና በል ሊለኝ ይገባ ነበር።»

ወንድሙ ሆዱ የተከፈተ ስልክ ስቦ ብሎኑን እየፈለገ ነው።

«ቢልህ ትሰማው ነበር?»